ከብሎን ማጥበቅ ወደ ማምረት

በሳንሱሲ በኩል ወደ ቡራዩ የሚተመውን የጭነት መኪና ቆሞ የሚመለከት ሠርቶ አደር አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ከዚህ ሁሉ ብረት በእጃችን የተሠራው የቱ ነው?

የፊያትን ጭነት መኪና ሲገጣጥም የኖረው አምቼ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ማራቶን ሞተር የሃዩንዳይን መገጣጠሚያ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ቮልስዋገን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ጭብጨባው ደማቅ ነበር፤ ሰነድ ብቻውን ግን መኪና አይወልድም።

ማንም እንዳይሳሳት፤ የውጭ ኩባንያ መምጣቱን አንቃወምም። ነገር ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ቆርቆሮው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በሣጥን ሲመጣ ለኢትዮጵያዊው ሠራተኛ የሚተርፈው ብየዳ፣ ቀለም መቀባትና ብሎን ማጥበቅ ነው። ምንዛሪ ሲያጥር ሣጥኑ ይቀራል፤ ሣጥኑ ሲቀር ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ጎማ በአገራችን ተመርቷል፤ ለመቀመጫ የሚሆን ቆዳም አለን። የየሠፈሩ የጋራዥ ልጆች መለዋወጫ የጠፋለትን አሮጌ መኪና በራሳቸው ብልሃት ሲያስነሡ እናያለን፤ ይህን ዕውቀት ፋብሪካ አስገብቶ ያሳደገው ማነው? ስለዚህ ከኩባንያው ጋር የሚዋዋለው ክፍል በየዓመቱ ስንት ዕቃ በአገር ውስጥ እንደሚሠራ፣ ስንት ባለሙያ እንደሚሠለጥን በውሉ ላይ በቁጥር ያስፍር፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያንን ቁጥር ይዞ ይጠይቅ።