ጉቶው የማን ነው?

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለዋል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ከሥሩ ስለማይያዝ ነገር ነው፤ ስለ ባሕር ዛፍ ጉቶ።

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት፣ በብዙ ግቢ አጥር ሥር ዛፍ ቆሟል። አንድ ቀን ቅርንጫፉ ጣሪያውን ይመታል፣ ወይም ከመብራት ሽቦ ይደርሳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ መጋዝ፣ ፋስና ገመድ የያዙ ሰዎችን ይጠራል። ዋጋው በቁርጥ ይነገራል፤ «አይስጉ ጋሼ፣ እናጠፋዋለን» ይባላል። ዛፉ ይወድቃል፣ ግንዱ ይጫናል፣ ሂሳብ ይዘጋል፣ በጉቶው ላይም አፈር ይበተናል። ክረምት ሲገባ ከዚያው አፈር ሥር ቀንበጡ ተግተልትሎ ይወጣል።

ይህ የባሕር ዛፍ ተፈጥሮ ነው። ጽድ አንዴ ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ ግን ከቅርፊቱ ሥር ያንቀላፉ እምቡጦች አሉት፤ ግንዱ ሲሄድ እነሱ ይነቃሉ። አዲስ አበባን ያተረፋትም ይኸው ጠባዩ ነው። የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቀደም ሲል በ1887 ዓ.ም ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ግን በተቆረጠ ቁጥር እያቆጠቆጠ የከተማዋን የእንጨት ረሃብ አስታገሠ። ታዲያ ከመቶ ዓመት በላይ የኖርንበትን ጠባይ ዛፍ ቆራጩ አያውቅም ልንል ነው?

ክርክሬ ከቃል ይጀምራል። አማርኛችን ድሃ አይደለም፤ መመልመል፣ መቁረጥ፣ መገንደስ፣ መንቀል እያለ ለየሥራው ስም ሰጥቷል። «እናጠፋዋለን» የሚለው ግን ከአራቱ አንዱንም አይደለም። ለሰሚው መንቀል ነው፤ ለተናጋሪው መቁረጥ። ሰምና ወርቅ በቅኔ ያምራል፤ በሥራ ውል ሲገባ ግን ማታለል ይሆናል።

ስለዚህ ደንበኛ ይጠይቅ እላለሁ። ጉቶው ይነቀላል ወይስ ይቀራል? «ከነሥሩ» ስትሉ እስከ የት ድረስ ትቆፍራላችሁ? ጉድጓዱን ማን ይሞላዋል? ግንዱ የማን ነው፤ ዋጋውስ ከሂሳቡ ይቀነሳል?

«አያምኑንም ወይ ጋሼ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄ ስድብ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለው ባለሙያ አንዳንዴ «ይህን ጉቶ አልነቅልም» ይላል። ጉቶው ከአጥሩ መሠረት ተጠግቶ ከሆነ ሥሩን መፈንቀል ግንቡን ሊያናጋ ይችላልና። «ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ውስጥ ልላጠው፤ እርስዎም የሚያቆጠቁጠውን እየተከታተሉ ይቀንጥሱት፤ ጊዜ ይወስዳል» ይላል። እንዲህ ላለው ሰው የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም።

ደንበኛውንም ቢሆን አልምረውም። የመቁረጫ ዋጋ ከፍሎ መንቀልን የሚጠብቅ፣ ተከራክሮ ርካሹን መርጦ ኋላ «ሌቦች!» እያለ የሚራገም፣ እርሱም የውሸቱ ሸሪክ ነው። ጉቶን በዶማ ቆፍሮ ማውጣት ዛፉን ከመጣል የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። ያልተከፈለበት ድካም አፈር ለብሶ ይቀራል።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። በጉቶ ነገር ግን ተረቱ አይሠራም። ቆራጩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ባለቤቱም ነገ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ይችላል። ከአጥሩ ሥር ዳግም የሚያድገውን ዛፍ የሚወርሰው ስለ ውሉ ምንም ያልሰማ ተከራይ ወይም ጎረቤት ነው። የሥራ ሐቀኝነት የሚለካው በዚያ ሰው ፊት ነው።

እንግዲህ ሂሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት አፈሩን በእግራችሁ ገለጥ አድርጉት።