አፍንጫው ቢታፈን እንጥሉ ለምን ይቆረጣል?

«እንጥሉ ወርዷል።» በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ገጠር ስንቱ ጨቅላ በዚህች አጭር ፍርድ አፉ ተፈልቅቆ ስለት ገብቶበታል! ልጁን ጉንፋን ይይዘዋል፤ አፍንጫው ይታፈናል፤ ጡት ይጎርሳል፣ ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቃል፣ ደግሞ ይጎርሳል፣ ደግሞ ይለቃል፤ ፊቱ ቀልቶ ይንሰቀሰቃል። ቤተሰቡ ዐይኑ ሳይከደን ያድራል። ሲነጋ እንጥል ቆራጭ ይጠራል። እኔ በዚህ ነገር ላይ የማለሳለሻ ቃል የለኝም፤ የታመመው አፍንጫ ሆኖ ሳለ የሚቆረጠው ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጤነኛ ሥጋ ነው። ይህን ሕክምና ብለን መጥራት አንችልም። አፍ አውጥቶ እምቢ ማለት በማይችል ፍጥረት ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። ምላሱ አፉን ይሞላዋል፣ ማንቁርቱም ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ለዚህ ነው ጡቱን ሳይለቅ አየር የሚያገኘው። ያቺ ጠባብ ቀዳዳ በንፍጥ ስትደፈንበት ወይ መጥባት ነው ወይ መተንፈስ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይሆንለትም። ስለዚህ ጡቱን ይተውና ያለቅሳል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ አየር ይገባለታል፣ ድምፁም ይወጣል። ጉሮሮው ተዘግቶ ቢሆን ያ ሁሉ ጩኸት ከየት ይመጣ ነበር? ልቅሶው ራሱ ጉሮሮው ክፍት እንደሆነ ይመሰክራል። እንጥል ምንም ጥፋት ሳይገኝበት ነው የሚፈረድበት።

ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በመላ አካሉ ያለው ደም ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ለትልቅ ሰው ከቁም ነገር የማይገባ መድማት እሱን ሊገድለው ይችላል። ስለቱ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጀርሙ ወደ ደም ይገባል፣ መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል፣ ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ላይ በአፍንጫው መታፈን መጥባት ያቃተው ልጅ አሁን በጉሮሮው ቁስል ጭራሽ አይጠባም። «የተቆረጡት ይድኑ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ተቆረጠም አልተቆረጠም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በዐሥር ቀን ለቆ ይሄዳል። ምስጋናውን ግን ቆራጩ ይወስደዋል። ያልዳኑትስ? ለአርባና ለሰማንያ ቀን ክርስትናቸው ሳይደርሱ የተቀበሩትን ማን ቆጠራቸው?

የወንድሜ ሚስት አራስ በነበረችበት ሐምሌ ስናን ወረዳ ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነበርኩ። ጭጋጉ ከደጃፍ አይነሣም፤ ኩበቱ እርጥብ ስለሆነ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ልጁ ታፍኗል። የወንድሜ አማት ቆራጭ እንዲጠራ ወስነዋል።

«እማማ፣ ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ይወጣል?» አልኳቸው።

«ይወጣል እንጂ! ጎረቤቱን ሁሉ ሲቀሰቅስ አደረ።»

«እንግዲያውስ ጉሮሮው ክፍት ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሺ ልጄ፣ አንቺ እንዳልሽው ይሁን። ታዲያ ዐይኔ እያየ ሲታፈን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ብዕር ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኚህን ሴት አላዋቂ የሚላቸው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ሌሊቱን ሙሉ ልጁን ያቀፉት፣ ትንፋሹን ሲያዳምጡ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱን የነፈግናቸው እኛ ተምረናል የምንለው ነን። እንጥል ማስቆረጥ ጎጂ ልማድ ነው ሲባል ዘመን አለፈ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 561 ጀምሮ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ጨቅላ ሕፃንን መጉዳት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ሁለት ዐሥርት ዓመት አልፎታል። ክልከላው ሞልቷል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጇ ለሚታፈንባት እናት ግን «አታስቆርጪ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ይሠራላታል? ቆራጩ ቢያንስ ልጁን ያየዋል፣ ይነካዋል፣ «አይዞሽ፣ ይድናል» ይላታል። በእርጥብ መንገድ ተጉዛ ጤና ተቋም ደርሳ «ጉንፋን ነው፣ ይተወዋል» ተብላ ቆማ የተሸኘች እናት ያንን «አይዞሽ» ብትፈልገው በማን ይፈረዳል? ቃሉ ትክክል ነው፤ ጉንፋን ነው፤ ይተወዋል። ነገር ግን እስኪተወው ድረስ ምን ታድርግ? ይህን ሳይነግሩ መሸኘት ለቆራጩ ደንበኛ መላክ ነው!

መልሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ጎጆ ውስጥ አለ፤ ጨውና ውሃ። ውሃው ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። በአንድ የውሃ ብርጭቆ፣ ማለት ሩብ ሊትር ገደማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል፤ ማንኪያው መከመር የለበትም፣ ጨው ሲበዛ አፍንጫውን ያቃጥለዋልና። በየቀኑ አዲስ ይበጃል፤ የትናንቱ ይደፋል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ልጁ ከመጥባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሁለት ጠብታ ይንጠባጠብለታል፤ ማንጠባጠቢያ ከሌለ የተቀቀለ ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ ጫፉን መጭመቅ ይቻላል። ትንሽ መታገሥ ነው፤ የደረቀው ይርሳል፣ ያስነጥሰዋል። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ጫፉን ጠምዝዞ፣ አርጥቦ፣ ከአፍንጫው ደጅ ሳያልፉ መጥረግ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕፃናት የሆስፒታል ሕክምና ያዘጋጀው የኪስ መጽሐፍ ራሱ ከመጥባቱ በፊት አፍንጫው በተጠመዘዘ እርጥብ ጨርቅ እንዲጸዳ ያዛል። ስናን ላይ ያደረግነው ይኸው ነበር፤ ጨርቁን የጠመዘዙት እማማ ነበሩ። ልጁ ጡቱን ይዞ ቆየ። ጉንፋኑ በዚያው አልጠፋም፤ በማግሥቱም ታፍኗል፣ እንደገናም ጠርገንለታል። ቆራጩ ግን አልተጠራም።

ጡት ይብዛለት፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ከጡት የሚበልጥ የጉሮሮ ማለስለሻ የለም። ቀና አድርጎ ማቀፍ ይረዳዋል።

ቅቤውን ግን ተዉት! «አንጀቱን ያርሰዋል» ተብሎ በጨቅላ አፍ የሚጨመር ቅቤ አፍንጫው በታፈነ ልጅ ላይ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ የገባው ቅባት በሳል አይወጣም፣ ሳንባውን ያቆስላል። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ከጋቢ ሥር ማጠን ለትልቅ ሰው ነው፤ ጨቅላ ግን አንዴ ቢንፈራገጥ የፈላው ውሃ ይደፋበታል። ሽታው ዐይን የሚያስለቅሰው የጉንፋን ቅባትም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም። በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን የሚቆነጥሩትን ደግሞ በስማቸው ባልጠራም በሥራቸው እከሳለሁ፤ ቫይረስን የማይነካ መድኃኒት ለጉንፋን ሸጠው፣ ነገ ለእውነተኛው የሳንባ ምች የሚያስፈልገውን ኃይል ዛሬ ያባክኑታል።

ጭሱን ምን እንበለው? አራስ ትሙቅ ተብሎ ደጃፉ ተዘግቶ፣ እሳት ነዶ፣ እንጀራ እዚያው ተጋግሮ፣ ልጁ ጭስ ውስጥ ይተኛል። ብርድ ይገባል ብለን አየሩን እንከለክለዋለን። ልጁን በሚገባ ጠቅልሎ ደጃፉን ገርበብ ማድረግ፣ እሳት ሲነድ አራሷን ከነልጇ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ጎረቤት ማውጣት ይቻላል። ገንፎ ልትበላ የመጣች ጠያቂም ንፍጧን እየጠረገች ልጁን ስማ እንድትሄድ የሚያስገድድ ይሉኝታ ይቅርብን።

አሁን የምናገረውን ሁሉም ይስማኝ፤ ጉንፋን ያልሆነም አለ። ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ አፍንጫው ተጠርጎለትም አልጠባ ካለ፣ ጨቅላው ገላው ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ያ የሳንባ ምች ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላልና አንድ ሌሊት እንኳ አይታደርበትም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ጮቄ ደግሞ 4,000ን ያልፋል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስስ ስለሆነ የሳንባ ምች ለቆላው ልጅ የሚሰጠውን ፋታ ለደጋው ልጅ አይሰጥም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የኒሞኮከስ ክትባት አለማስጀመርም ልጁን ያለ ጋሻ መተው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ሆስፒታል መድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ትንፋሽ መቁጠር እናቲቱ ራሷ ቤቷ ውስጥ ልታውቀው የሚገባት፤ የትኛው ልጅ ቤት እንደሚቆይ፣ የትኛው ደግሞ መንገዱ ቢያስፈራም እንደሚወጣ የምትለየው በዚያ ነው።

ለዞኑ ጤና መምሪያና ለየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የማቀርበው ጥያቄ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። በየጤና ጣቢያው የወለደች እናት ወደ ቤቷ ሳትሸኝ በፊት የጨው ውሃውን ራሷ በእጇ በጥብጣ፣ ጨርቁን ራሷ ጠምዝዛ ታሳይ። አያቲቱ አብራ ትጠራ፤ ሌሊት የምትወስነው እሷ ናትና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ «አታስቆርጡ» ብላ ከመውጣቷ በፊት ቁጭ ብላ የልጁን ትንፋሽ አብራቸው ትቁጠር። ቆራጮቹም በየቀበሌው ይታወቃሉ፤ ተጠርተው ይነገራቸው፣ ካልሰሙ ሕጉ ይፈጸምባቸው። ይህ ሁሉ የሐምሌው ጭጋግ ሳይገባ ይጀመር።