ኤሌክትሪኩ ድንበር ተሻገረ፣ ኢንጂነሩስ?

ከሁለት ወር ልመና በኋላ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቼ ሰሞኑን ከካኩማ ወደ ናይሮቢ መጥቼ ነበር። ጉዳዬ የሕክምና ቀጠሮ ነው፤ ግን አንድ ሌላ ሥራም ነበረኝ። ፎርም ስሪ የማስተምረው አንድ ልጅ ከወራት በፊት ፊዚክስ ማጥናት አቆመ። ለምን ስለው "ቲቸር፣ አጎቴ እኮ ኢንጂነር ነው፤ ናይሮቢ ስልክ ይጠግናል። እኔ ተምሬ ምን ልሆን ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለኝም፣ የማስተምረውም በኢንሴንቲቭ ነው። ስለዚህ አጎቱን ፈልጌ ላገኘው ወሰንኩ።

ኢስሊ ውስጥ፣ በሁለት የልብስ ሱቆች መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ፣ አንዲት ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ሰፈሩ በሙሉ "ኢንጂነር" ነው የሚለው። ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ደግሞ በቀልድ ይመስለኛል። ስሙን አልጠራም። የስደተኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ከአገር ያስወጣውን ጉዳይም አላነሳም። የማነሳው የሥራ ታሪኩን ነው፤ እሱም ፈቅዶልኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሰባ ሠላሳ

የእሱን መንገድ ለመረዳት ወደ 2008 መመለስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ወሰነ። ከሰባው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የኢንጂነሪንግ ነበር። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ፣ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው።

ሒሳቡ በወቅቱ እብደት አልነበረም። አገሪቱ እየገነባች ነበር። መንገድ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ስኳር ፋብሪካ፣ በ2011 የተጀመረው የዓባይ ግድብ፣ በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር። ይህ ሁሉ መሐንዲስ ይፈልጋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የግንባታው ዋና ባለቤት አንድ ነው፣ እሱም መንግሥት። ገንዘቡ በአብዛኛው ብድር ነው። ማሽኑም ዕቃውም ከውጭ የሚገባው በዶላር ነው። ዶላር ሲጠፋ ግንባታው ይቆማል፣ ግንባታው ሲቆም መሐንዲሱ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲው ግን አይቆምም፣ በየዓመቱ ያስመርቃል። ነገርየው እንዲህ ነው፦ አንዱ ቧንቧ ሲዘጋ ሌላው እንደተከፈተ ቀረ።

የእኛ ሰው በ2015 በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀ። የመጀመሪያ ሥራው አንድ የስኳር ፋብሪካ ግንባታ ላይ በንዑስ ተቋራጭ ሥር ነበር። ደሞዝ ወር ዘለለ፣ ከዚያ ሁለት ወር፣ ከዚያ ሦስት ወር። በጥቅምት 2017 ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ ዕቃ ማስገባት ጨርሶ ከበደ። በ2018 ትልልቆቹን የስኳርና የግድብ ሥራዎች ይዞ የነበረው ሜቴክ የግድቡን ውል ተነጠቀ፣ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ብዙ ወጣት መሐንዲሶች ይሄንን ዜና ሲሰሙ ቀድሞውኑ ሥራ ፈትተው ነበር።

እሱ ሐዋሳ ሄደ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ተከፍቶ ስለነበር አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ገባ። "ዲግሪ ይዤ በቴክኒሻን ደሞዝ ነበር፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ማሽን ይነካል" ይላል። በኅዳር 2020 ጦርነቱ ተጀመረ። ከዓመት በኋላ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች፤ በዚያው ሰሞን በፓርኩ ከነበሩት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ውሳኔው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ጸና። የእሱ ፋብሪካ ሌላ ቢሆንም ትእዛዝ ቀነሰ፣ ሰው ቀነሰ፣ እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ በዘመድ መኪና የራይድ ሹፌር። ከዚያ በሚገነቡ ቤቶች ውስጥ በቀን ሒሳብ ሽቦ ዘርጊ። ሲሚንቶ ሲጠፋ እሱም ቀረ። ከእሱ በፊት የነበሩት ተመራቂዎች ኮብልስቶን ጠርበው ሲኖሩ "ዲግሪ ይዞ ድንጋይ" እየተባለ ይቀለድ ነበር። "እኔ እኮ ያኔ ስቄባቸዋለሁ" አለኝና ጠመንጃ መፍቻውን... ይቅርታ፣ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። ሁለታችንም ሳቅን። አፌን ጦርነቱ ለምዶታል መሰለኝ።

በ2023 ተሰደደ። እሱ ከወጣ በኋላ በታኅሣሥ 2023 አገሪቱ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቃታት፤ በጁላይ 29 ቀን 2024 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይሄ ናይሮቢ ድረስ ይሰማል። ድሮ እናቱ "አይዞህ፣ ራስህን ቻል" ይሉት ነበር፤ አሁን የዘይት ዋጋ ነው የሚነግሩት። መላክ እንዳለበት ሳይጠይቁት ገብቶታል።

ወረቀቱ የት አለ?

"ታዲያ ኬንያ ውስጥ ለምን በሙያህ አትሠራም?" አልኩት። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ወረቀት አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

አንደኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ዕዳውን ካልከፈለ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አያገኝም፣ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። የሚከፈለው ከደሞዝ ላይ ነው። ደሞዙ በየዓመቱ እየተቋረጠ የመጣ ሰው ደግሞ ዕዳው አያልቅም። እሱ በእጁ ያለው ጊዜያዊው ነው፣ እሱም በስልክ የተነሳ ፎቶ።

ሁለተኛ፣ የውጭ ዲግሪ ኬንያ ውስጥ እንዲታወቅ ከተሰጠበት አገር መረጋገጥ አለበት። ስደተኛ ግን ከሸሸው መንግሥት ኤምባሲ ሄዶ ማኅተም ቢጠይቅ "ታዲያ ከማን ነው የሸሸኸው?" ሊባል ይችላል። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 መሠረት በፈቃዱ ወደ አገሩ ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኝነቱ ሊቀር ይችላል። አንድ ማኅተም ያን ያህል ባይሆንም፣ ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ ሰው ይሄን ዕድል አይሞክርም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ያው ስምምነት አንቀጽ 25 ላይ፣ ስደተኛው ከአገሩ ባለሥልጣን ማግኘት የማይችለውን ሰነድና ማረጋገጫ በተመለከተ አስተናጋጁ አገር እርዳታ እንዲያገኝ ያመቻችለታል ይላል። በታኅሣሥ 2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውና በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነትም ስደተኞችን ይጠቅሳል። ዩኔስኮ በዛምቢያ የስደተኞች የትምህርት ፓስፖርት ሞክሯል፤ የጎደለውን ወረቀት በቃለ መጠይቅና ባለው ማስረጃ ገምግሞ የሚሰጥ ሰነድ ነው። ስለዚህ መንገድ የለም አይባልም። መንገዱ ኢስሊ አልደረሰም እንጂ።

ሕጉ አለ፣ በሩ ጠባብ ነው

የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ በፌብሩዋሪ 2022 ሥራ ላይ ሲውል ተስፋ አድርገን ነበር። ሕጉ ስደተኛ ተቀጥሮም ሆነ በራሱ የመሥራት መብት እንዳለው ያውቃል። ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድም ለስደተኛ ክፍያ የለውም። ግን ፈቃዱን ለማግኘት የታወቀ ስደተኛ መሆን፣ ከስደተኞች አገልግሎት መምሪያ የድጋፍ ደብዳቤ ማግኘት፣ ተቀጥሮ ለሚሠራም የሚቀጥር ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። ለመሐንዲስ ደግሞ የኬንያ መሐንዲሶች ቦርድ ምዝገባ ይጨመራል፣ ለምዝገባው የታወቀ ዲግሪ ይፈለጋል። ተመልሰን ወረቀቱ ጋ ደረስን።

ፍትሐዊ እንሁን። ኬንያውያን ተመራቂዎችም ቦዳ ቦዳ ይነዳሉ። በጁን 2024 የግብር ሕጉን በመቃወም ናይሮቢን የሞሉት ወጣቶች ብዙዎቹ የተማሩ ሥራ አጦች ነበሩ። ኢንጂነሩ ጎን ጠረጴዛ ይዞ ስልክ የሚጠግነው ኬንያዊም የኮሌጅ ዲፕሎማ አለው፣ መልቲሜትር ይዋዋሳሉ። ጁዋ ካሊ የሚባለው፣ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራው ሥራ፣ የማናችንም ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄያችን "ቦታችሁን ስጡን" መሆን የለበትም፣ "የምንችለውን መዝኑልን" ነው መሆን ያለበት።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚደርስ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። በ2022 መጨረሻ ኬንያ በዚህ መስመር ከኢትዮጵያ በውል 200 ሜጋ ዋት መውሰድ ጀመረች። ኢንጂነሩ ብየዳውን የሚሰካበት መብራት ውስጥ የአገሩ ውሃ ይኖርበታል። ኤሌክትሪኩ ድንበር ሲሻገር ቮልቴጁ ይለካል፣ ዋጋው ይተመናል፣ ያልፋል። ኤሌክትሪክ የተማረው ሰው ግን የሚለካው አጥቶ ቆሟል።

ለካኩማ ይሄ ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ከተቆረጠ በኋላ ራሽን ወረደ፣ በካኩማ ተቃውሞ ተነሳ። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ስደተኛው በአራት ምድብ ተከፈለ፤ አራተኛው ምድብ "ራሱን ይችላል" ተብሎ የምግብ ድጋፍ አያገኝም። በማርች 2025 የተጀመረው የሺሪካ ዕቅድም ካኩማና ዳዳብ ከመጠለያ ወጥተው መደበኛ ከተማ እንዲሆኑ ነው የሚለው።

ጥሩ። ከተማ ይሁን። ግን ከተማ መብራት ይፈልጋል። ዛሬ ካኩማ ውስጥ አብዛኛው ሰው መብራት የሚያገኘው ከግል ጀኔሬተርና ከሶላር ነው። ከተማ የውሃ መስመር ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ መሬት የሚለካ ሰው ይፈልጋል። ይህን የተማሩ ሰዎች በየብሎኩ አሉ። አንዱ ሻይ ይሸጣል፣ አንዱ የራሽን ሰልፍ ላይ ነው። ራስህን ቻል የሚለውና በሙያህ አትሥራ የሚለው ቃል ከአንድ አፍ ከወጣ፣ ትርጉሙ "ተራብ" ነው። ወይም "ሂድ" ነው።

"ሂድ" ያልኩት በምክንያት ነው። ኢንጂነሩን አንድ ደላላ ደጋግሞ መጥቶበታል፣ በታንዛኒያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊያደርሰው። በታኅሣሥ 2022 ሉሳካ ዳርቻ ላይ ተጥለው የተገኙት የ27 ወጣቶች አስከሬን የኢትዮጵያውያን እንደሆነ ነበር የዛምቢያ ፖሊስ የገለጸው። እሱ ይህን ዜና ያውቀዋል። "ግን ደላላው ሲመጣ ማታ ላይ ነው፣ የእናቴ ስልክም ማታ ነው የሚመጣው" አለኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ምን ይደረግ?

እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ ግን ከእሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ትልቁ በር ከተዘጋ ትንሹን ማንኳኳት ይቻላል። የኬንያ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ኒታ የምንለው፣ የሙያ ፈተና ይሰጣል፤ ካኩማ ዶን ቦስኮ የሠለጠኑ ልጆች የሚፈተኑት ይህንኑ ነው። ኬንያ በ2024 ይፋ ያደረገችው፣ ያለ ወረቀት የተገኘ ችሎታን ለክቶ ዕውቅና የመስጠት ፖሊሲም አለ። ኢንጂነሩ ባለፈው ዓመት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የኒታ ፈተና ተፈትኖ አልፏል። አምስት ዓመት የተማረ ሰው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፎ ሽቦ ሲያገናኝ አስቡት። "መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ደረጃዬን ሳየው አለቀስኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስሜ የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው" አለኝ። አሁን በዚያ ወረቀት የሶላር ሥራ በኮንትራት ያገኛል፤ ስልኩን የሚጠግነው በመሀል ነው።

ከአገር ያላችሁ ተማሪዎችና ቤተሰቦች፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዛሬውኑ አንሱና በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ። የወጪ መጋራት ውላችሁን ጭምር። ማስረጃ የሚያስፈልጋችሁ ስደተኞች ደግሞ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችን አማክሩ፤ አንቀጽ 25ንም ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። የማይጠየቅ መብት ይረሳል።

የሺሪካን ዕቅድ ለሚመሩትም አንድ ነገር፦ በአራት ምድብ ስትከፍሉን ስንት ልጅ እንዳለን፣ ምን ገቢ እንዳለን መዝግባችኋል። ምን እንደምንችልም መዝግቡ።

ካኩማ ስመለስ ኢንጂነሩ ለወንድሙ ልጅ አንድ አሮጌ መልቲሜትር ላከለት። ልጁን ጠርቼ ሰጠሁትና እውነቱን ነገርኩት። "ተማር፣ ኢንጂነር ትሆናለህ" አላልኩትም፣ ያን መዋሸት አልፈልግም። አጎትህ አምስት ጊዜ ሥራ ሲያጣ አምስቱንም ጊዜ ያነሳው ያው የተማረው ነገር ነው፤ ወረቀቱን ድንበር ላይ ሊይዙት ይችላሉ፣ የኦም ሕግን ግን ማንም ከጭንቅላትህ አይቀማህም አልኩት። ብዙ ያመነኝ አልመሰለኝም። መልቲሜትሩን ግን ይዞ ሄደ፤ በማግሥቱ የክፍላችንን የሶላር ባትሪ ለክቶ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሞቷል" አለኝ። ትክክል ነበር። አሁን ጥያቄው ማን ይቀይረዋል የሚለው ነው።