ካባው ይቆይ፣ መድረኩ ይሰጠው

አንጋፋ ሙዚቀኛ ዕድሜው ሲገፋ ከመድረክ ቢርቅ ይሻላል፣ በጉልበቱ ዘመን በሠራው ይታወስ የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን እንደ አክብሮት ይቆጠራል። ሰውየው በዝግጅቱ መሐል ይጠራል፣ ካባ ይደረብለታል፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ዜማውን ግን ወጣት ይጫወትለታል። እኔ ይህን ባለሙያን ከነሕይወቱ ጡረታ ማውጣት እለዋለሁ። ዕድሜ ልኩን በካሴት ሲሰማው የኖረ አድማጭም የሚወደውን ሰው በአካል ሳይሰማው ይቀራል።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከይፋቱ ተወላጅ ከጌታቸው መኩሪያ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ይህ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። ትልቁ ሥራው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣቱ ነው፦ የፎካሪውን ድንገተኛ ጩኸት፣ ትንፋሽ መቁረጡን፣ ድምፁን ማንቀጥቀጡን ሁሉ በመሣሪያው አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዘው፤ ጌታቸው 69 ዓመቱ ነበር። ተጨብጭቦለት አልተመለሰም፤ ባንዱ እንዲያጅበው ራሱ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ፣ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞሩ። ጎፈሩን ደፍቶ፣ በፓንክ ጊታሮች ጩኸት መሐል ያንኑ ሽለላ ሲነፋ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በጊዜ ሸኝተነው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሥራ አይኖርም ነበር።

ዘፋኝ ግን ይለያል፣ ጉሮሮ ይደክማል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይደክማል። ይህ ግን የሚጠይቀው ዝግጅት ነው፦ ቅኝቱን ዝቅ ማድረግ፣ ሰዓቱን ማሳጠር፣ ትንፋሹን የሚጠብቅ አጃቢ መመደብ። ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በ83 ዓመቱ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቅርቧል። ሕዝቡ የመጣው የወጣትነት ድምፁን ፍለጋ ቢሆን ኖሮ የድሮው ቅጂ እቤቱ ነበረለት። የመጣው ሰውየውን ሊሰማ ነው። ጉልበቱ ያለቀ፣ ራሱም በቃኝ ያለ ካለ ይከበርለት፤ ውሳኔው ግን የእሱ እንጂ የአዘጋጅ አይሁን።

በማጀቴም በሸዋ ሮቢትም በዓል የምታሰናዱ ሰዎች ሆይ፣ ለካባው የያዛችሁትን ገንዘብ ለልምምድና ለክፍያ አድርጉት። ሽማግሌው ፎካሪ ማይኩን ይያዝ፣ ወጣቶቹም ያጅቡት።