የክራሩ ድምፅ በተጫዋቹ እጅ ይሁን

በሠርግ አዳራሽም ሆነ በባህል ምግብ ቤት መድረክ ላይ የሚደጋገም ነገር አለ። ክራሩ ከስፒከር ጋር ሲገናኝ አንዱ ክር ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮሃል፤ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ፊድባክ ይመጣል። የሳውንድ ባለሙያው ቤዙን ይቀንሳል። ጩኸቱ ይጠፋል፤ የክራሩ ግርማም አብሮት ይጠፋል።

ይህ ኪሳራ ሊቀር የሚችል ነው። የክራሩ ሳጥን በተፈጥሮው አጉልቶ የሚያስተጋባው ድምፅ አለ፤ ያ ድምፅ የያዘው ቦታ ግን ጠባብ ነው። የቤዝ ቁልፍ ሰፊውን የታችኛውን ክፍል በሙሉ ያወርዳል። ጊታሪስቶች የሚያውቁት ቦስ ጂኢ-7 ፔዳል እንኳ ድምፅን የሚያስተካክለው በ7 ቋሚ ቦታዎች ነው፤ 100፣ 200፣ 400 ኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ችግሩ 280 ኸርዝ አካባቢ ከሆነ እሱን ብቻ ለይቶ የሚነካ ቁልፍ የለም።

አሜሪካዊው የድምፅ መሐንዲስ ጆርጅ ማሰንበርግ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ለዚህ መልስ አለው። የት፣ ምን ያህል እና በምን ስፋት የሚሉትን ሦስት ነገሮች ለተጠቃሚው ይተዋል። አሠራሩም ቀላል ነው። ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ስፋቱ ይጠባል፤ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ክሮቹ እየተመቱ ቦታው ቀስ በቀስ ይቀየራል። ክራሩ ክፉኛ ያስተጋባበት ላይ ሲደረስ መጠኑ ጥቂት ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሌላው ድምፅ ብዙም ሳይነካ ጩኸቱ ይረግባል።

ቅንብርን በማኅደሩ የሚይዝ ፔዳል ደግሞ ለክራር ከጊታር ይልቅ ይጠቅማል። ሶርስ ኦዲዮ ኢኪው2 የተባለው 10 ክፍሎች ያሉት ፔዳል በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚግባቡበት ዲጂታል ቋንቋ) እስከ 128 ቅንብር ይጠራል። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲቃኝ ሳጥኑ ያው ነው፤ የክሮቹ ድምፅ ግን ይለወጣል። በትዝታ ሰላም የነበረ ክር በባቲ ሳጥኑ የሚያጎላው ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለየቅኝቱ የተቀመጠ ቅንብር ያለው ተጫዋች በእግሩ ረግጦ ያልፈዋል።

ፔዳሉ ርካሽ አይደለም፤ መጥፎ ፒክአፕንም አያድንም። ጥቅሙ ግን ውሳኔውን መሣሪያውን ለሚያውቀው ሰው መስጠቱ ነው። በገናን እንውሰድ። በክሮቹና በመቆሚያው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት የበገናው ነፍስ ነው፤ በገና የማያውቅ ባለሙያ ግን የመስመር ብልሽት መስሎት ከላይኛው የድምፅ ክፍል ሊቆርጠው ይችላል።

ስለዚህ የባንድ መሪዎችና የአዳራሽ ባለቤቶች ተጨማሪ ስፒከር ከመግዛታቸው በፊት ለክራር ተጫዋቹ አንድ ፓራሜትሪክ ፔዳል ያስቡለት። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ ተቋማትም ቅኝት ሲያስተምሩ፣ ያ ቅኝት በስፒከር ሲወጣ እንዴት እንደሚጠበቅ አብረው ያስተምሩ።