ስድስት መቶ ሲሲና አንድ ስቲከር

እሁድ ጠዋት ከደሴ ወደ ገራዶ በሚወርደው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። መጀመሪያ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ እንደተቆጣ የንብ መንጋ ይመጣል። ከዚያ ኩርባው ላይ ብልጭ ይላል። ከዚያ … የለም። አልፏል። በግ የምትጠብቀው ልጅ ጆሮዋን ይዛ ትቀራለች፤ በጎቹ የሰው እርሻ ውስጥ ገብተዋል።

ቦክሰር አይደለም። አፓቺም አይደለም። ልጆቹ ‹‹ስፖርት›› ብቻ ብለው የሚጠሩት፣ ነጂው የቤንዚን ታንኩ ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚነዳው ዓይነት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ የጓደኛዬ ነው። ጃፓን ሠራሽ፣ 600 ሲሲ፣ ‹‹ሁለተኛ እጅ›› ተብሎ የተሸጠለት (እኔ ግን አራተኛ ወይም አምስተኛ እጅ ነው ባይ ነኝ)። ብሩን ለማጠራቀም ስንት ዓመት እንደፈጀበት ስለማውቅ በሞተሩ አልቀልድበትም።

ባለፈው ሰሞን ‹‹ርካሽ ኢንሹራንስ እንፈልግ›› አለኝ። እኔ የመድን ባለሙያ አይደለሁም። አዋጅ ማንበብ ስለምወድ ብቻ ሰፈሩ እንደ ጠበቃ ይቆጥረኛል። ብቻ ተያይዘን ወጣን። ሁለት ቀን ሙሉ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ዞርን። አንዱ ጋ ‹‹ለሞተር ሙሉ ሽፋን አንሰጥም›› ተባልን፤ ቁጭ በሉ እንኳ ሳንባል። ሌላው ጋ ያለችው ሠራተኛ ሊብሬውን አገላብጣ አየችና ‹‹ወንድሜ፣ ቤተሰባችሁ ሌላ መኪና የለውም? ከእሱ ጋር አብረን ብናየው ይሻል ነበር›› አለችው። ቤተሰቡ ያለው ሌላ ተሽከርካሪ ባለ አንድ ጎማ የአሸዋ ጋሪ ነው። ሦስተኛው ቦታ ዋጋ ነገሩን። ጓደኛዬ ሳቀ። ‹‹እህቴ፣ በዚህ ብር እኮ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቦክሰር እገዛለሁ!››

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ግን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ የተናገራት ነገር ናት። ‹‹በቃ ተወው፤ ሦስተኛ ወገን አለኝ አይደል? ኢንሹራንስ አለኝ ማለት ነው።››

አይደለም!

ሦስተኛ ወገን ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛው ሰው ነው። አንደኛው አንተ ነህ፣ ሁለተኛው ኩባንያው፣ ሦስተኛዋ ያቺ በግ ጠባቂ ልጅ ናት። መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ኋላም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005፣ ማንም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ የተደነገገው ለእሷ ተብሎ ነው። ስቲከሩን ለጥፈህ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ብቻህን ብትንሸራተት ለተሰበረው እግርህ ካሳ የለህም። ለሞተሩም የለህም። ያኔ የሚደርስልህ ጓደኞችህ የሚያዋጡት ብርና የእናትህ ቅሬ ነው። (ቅሬ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ በደንብ የሚሠራው ሰውዬው ከሞተ ነው።)

ለልጅቷም ቢሆን ጣሪያ አለው። በ799/2005 ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ ከ100 ሺህ ብር አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከፍ ተደርጓል፤ ግን ጣሪያ ያው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይመጣል። አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርብህም። አንተ ባትነዳውም። ‹‹አንድ ጊዜ ገራዶ ደርሼ ልመለስ፣ ፎቶ ብቻ ልነሳበት›› ብሎ ቁልፉን የለመነህ ልጅ ቢገጭ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ያንተ ነው።

አሁን ደግሞ ለኩባንያዎቹ ትንሽ ልከራከርላቸው (አትቆጡ)። 150 ሲሲ ቦክሰር አሥራ ሁለት የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። የጓደኛዬ ሞተር ከመቶ በላይ። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ አሥራ ምናምን ሰው አጭቆ ከሚሄደው ሃይስ የበለጠ ጉልበት፣ ከነነጂው ሦስት መቶ ኪሎ በማይሞላ ነገር ላይ ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ መንገዳችን ነው። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ እስኪደርስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ይወርዳል፤ ጉም አለ፣ አህያ አለ፣ ቀይ ሽብር የምንለው ሲኖትራክ አለ። የሞተሩ የጎን ፕላስቲክ ቢሰበር እዚህ አይገኝም፤ በዶላር ይመጣል። ዶላሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። መንጃ ፈቃዱስ? እኛ ጋ የሞተር ፈቃድ አንድ ነው፤ በ100 ሲሲ የተፈተነ ልጅ በማግስቱ 1000 ሲሲ ላይ ቢወጣ የሚከለክለው የለም። እንግሊዝ አገር ትልቁን ሞተር በቀጥታ ፈተና ለመንዳት 24 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉልበቱ በተገደበ ሞተር ሁለት ዓመት ቆይተህ በ21 ትወጣለህ። ስለዚህ መድን ሰጪው ስለ ነጂው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። የእኛው ኩባንያ ፊቱ የተቀመጠው ልጅ የሰከነ ይሁን እብድ ምንም የሚለይበት ወረቀት የለውም። ስለዚህ ሁሉንም እንደ እብድ ያስከፍላል፤ ወይም በሩን ይዘጋል።

ጓደኛዬ እንደ ማንኛውም የደሴ ልጅ መላ አያጣም። ምሳ ላይ ሦስት ዘዴ አመጣ።

የመጀመሪያው ‹‹ለግል አገልግሎት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ብለን እንሙላው›› የሚል ነው፤ እውነቱ ግን ወንድሙ በሳምንቱ ቀናት ዕቃ ያደርስበታል። የንግድ ሕጋችን ስለ መድን በሚናገርበት ክፍል ሆን ብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል ይላል። አረቦኑን ዓመት ሙሉ ከፍለህ፣ በተገጨህ ቀን ውል የለህም። ሁለተኛው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ይህ ከሁሉም የሚብሰው ነው፣ ምክንያቱም ብልጠት ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሞተር በአምስት መቶ ሺህ ካስመዘገብክ፣ የሁለት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈልህ መቶ ሺህ ነው። ለጎደለው ግማሽ አንተው ራስህ መድን ሰጪ እንደሆንክ ይቆጠራልና። ማጭበርበር እንኳ አያስፈልግም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በትክክለኛ ዋጋ አስመዝግበህ ሳታሳድስ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ዘዴ ‹‹ሙሉ ሽፋን እንገባና እሁድ እንደልባችን›› ነበር። የሞተርና የመኪና መድን ውሎች ውድድርንና የፍጥነት ሙከራን ያገልላሉ። አንተ ደግሞ ውድድሩን ራስህ ቀርጸህ፣ ሙዚቃ ጨምረህ፣ ቲክቶክ ላይ ለጥፈኸዋል።

‹‹ሙሉ›› የሚለው ቃልም ሞልቶ አያውቅም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ንብረቱ የተዘረፈበት ሰው ይህን ከእኔ የተሻለ ያስረዳችኋል። ጦርነት ከመደበኛው ውል ውጪ ነው፤ ለብጥብጥና ለሽብር የሚገዛው ሽፋን ለብቻው ነው።

ታዲያ ርካሽ የሚባል ነገር የለም? አለ፤ ጥያቄውን ከቀየርነው። ሁለታችንም ሁለት ቀን ሙሉ የዞርነው ለፕላስቲኩ ነበር። ውዱ እሱ ነው፤ ሊያጡት የሚቻለውም እሱ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ጓደኛዬ ያለቅሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እግሩ ቢጠፋ ሥራ የለም። ልጅቷ ብትሞት ደግሞ … ብሩን ተዉት።

ስለዚህ በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ መሆን አለበት። በመጀመሪያ ከአስገዳጁ ጣሪያ በላይ የሚሄድ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ጠይቁ፤ ጭማሪው ከሙሉ ሽፋን ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ለራሳችሁ የግል አደጋ መድን። ስትፈርሙ ግን ትንንሾቹን ፊደሎች አንብቡ፤ ብዙ የግል አደጋ ውሎች ሞተር ብስክሌት መንዳትን በግልጽ ያገልላሉ፤ ‹‹ይጨመርልኝ›› ብላችሁ በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ ካልያዛችሁ የገዛችሁት ባዶ ወረቀት ነው። ሞተሩ ራሱ ከተረፈ ብር ብቻ። እሱም ቢሆን ዝቅ የሚልበት መንገድ አለ፦ ትንሹን ጉዳት ራሴ እችላለሁ ብሎ የተቀናሹን መጠን ከፍ ማድረግ፣ ማታ በር ያለው ግቢ ውስጥ ማሳደር፣ ካሳ ሳይጠይቁ ለከረሙበት ዓመት የሚሰጠውን ቅናሽ መጠየቅ (ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም)።

የኩባንያዎቹ ጉዳይ ግን እዚህ አያልቅም። በ1968 አሥራ ሦስት የግል ድርጅቶች ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲመሠረት ገበያው የአንድ ሻጭ ሆነ፤ በ1986 ዳግም ለግል ተከፈተ። ዛሬ አሥራ ስምንት አሉ። አሥራ ስምንት ሻጭ ባለበት ገበያ ለሞተር የሚሰጠው መልስ ግን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያው ነው። በሰኔ 30 ቀን 2011 አዲስ አበባ ከተፈቀደላቸው በስተቀር ሞተሮችን ስታግድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሞተረኛን በጅምላ በጥርጣሬ ማየት ቢሮ ውስጥም የገባ ይመስለኛል። ኬንያ ለቦዳ ቦዳ ሞተረኞች የወር መድን ይሸጣል፤ ልጁ ሲሠራ ይከፍላል። እኛ ቴሌብር ኪሳችን ውስጥ እያለ የዓመቱን አንድ ላይ አምጡ እንባላለን። የሦስት ዓመት ንጹሕ የትራፊክ መዝገብ ያለውን ልጅ ካልተቀጣው ልጅ ጋር … ይቅርታ፣ ከተቀጣው ልጅ ጋር አንድ ዋጋ መጥራት፣ የሰከነውን ልጅ ‹‹እንግዲያው እኔስ ለምን እሰክናለሁ?›› ማሰኘት ነው። ደብዳቤ ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት አምጣ፣ ዋጋህን እናያለን ማለት ምን ይከብዳል?

ጓደኛዬ የግል አደጋውን ሊገባ ተስማምቷል። ‹‹ሞተር ይጨመርልኝ›› የሚለውን ማመልከቻ የጻፍንለት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ሠራተኛዋ ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ እንዳለባት ነግራን አዲስ አበባ ልካዋለች። መልስ እየጠበቅን ነው። ሞተሩ እናቱ ግቢ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ዶሮዎቹ ኮርቻው ላይ ማደር ጀምረዋል።