የፍሎፒ ዲስክ ጽሑፎችና ፕሮግራሞች ሳይጠፉ ይገልበጡ



በፍሎፒ ዲስክ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬም በመሳቢያና በመጋዘን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ቢሮ ሲጸዳም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሎፒ ዲስክ ማለት የማግኔት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ በዕድሜ ብዛት ይላላል፤ እርጥበት ሲያገኘውም ይሻግታል። ማንበቢያው መሣሪያም እየጠፋ ነው፤ ሶኒ ኩባንያ ዲስኩን መሥራት ካቆመ እንኳ ከ2011 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቍጥር የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አጋፋሪን የመሳሰሉት የአማርኛ ፕሮግራሞች ለፊደሎቹ የሚሰጡት ቍጥር እንደየአዘጋጆቻቸው ይለያይ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ ብቻ ተገልብጦ ፕሮግራሙና ፎንቱ ቢጣሉ፥ የሚተርፈን ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ይህም ሣጥኑን አስቀምጦ ቁልፉን እንደ መጣል ይቈጠራል።

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ይገኛል?» የሚሉ ይኖራሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1985 በኮምፒዩተር የሠራቸው ሥዕሎች ከፍሎፒ ዲስክ ወጥተው የታዩት በ2014 ነው። ባለሙያዎቹ ዲስኩን ካነበቡ በኋላም ሥዕሎቹ የተመዘገቡበትን የማይታወቅ አጻጻፍ መፍታት ነበረባቸው። ወጪውም አያስፈራም፤ የተለመደው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ስለ ሆነ፥ ሺሕ ዲስክ ከአንዲት ትንሽ ፍላሽ ይገባል።

እንግዲህ ዲስክ ያለው ሁሉ አይጣል። አስቀድሞ መጻፍ የሚከለክለው ቀዳዳ ይከፈት፤ የሻገተው ሳይጸዳ ወደ መሣሪያው አይግባ፤ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ይወሰድ፤ የፕሮግራሙ ዲስክና የመመሪያ መጽሐፉም አብረው ይቀመጡ። ዶስቦክስ በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት ብዙው የዶስ ፕሮግራም በዛሬው ኮምፒዩተር ይሠራል። የፕሮግራሞቹ ባለቤቶች ፈቃዳቸውን ቢሰጡ፥ ወመዘክርም ከብራናውና ከመጽሐፉ ጎን እነዚህን ቢሰበስብ ለተመራማሪዎች ታላቅ ውለታ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የሚመለከታቸው ክፍሎች ዲስኩ ገና ሊነበብ በሚችልበት በዚህ ጊዜ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ